ቢዋይዲ ወይስ ቴስላ? ለአስር ዓመት የሚቀመጥ አክሲዮን

ባለ ሜክሲኮ
ሰላም ለሁላችሁ። ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ መብራት በያዘ ቁጥር ከፊት ወይ ከጎን አንድ የቻይናው ቢዋይዲ መኪና አይጠፋም። ውጭ የምትኖር እህቴ ለአስር ዓመት የምታስቀምጠው አክሲዮን ልትገዛ ነው። በ2025 (ሌላ ካልተባለ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቢዋይዲ 4.6 ሚሊዮን፣ ቴስላ 1.64 ሚሊዮን ገደማ መኪና ሸጠዋል። ታዲያ ገበያው ለምን ቴስላን አብልጦ ይተምናል?

ሒሳብ ሹም
መጀመሪያ ቁጥሩን እናጥራ። ከ4.6 ሚሊዮኑ በባትሪ ብቻ የሚሄደው 2.26 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ቤንዚንም የሚቀዳለት ሃይብሪድ ነው።

ደግሞ ከብዛቱ ይልቅ ከአንድ መኪና ምን እንደሚተርፍ ተመልከት። በ2024 ቢዋይዲ 40.25 ቢሊዮን ዩዋን አተረፈ፤ ለ4.27 ሚሊዮን መኪና ሲካፈል 9,400 ዩዋን ገደማ ይደርሳል። ይህም የስልክ ዕቃ ሥራውን ትርፍ ጨምሮ ስለሆነ የመኪናው ብቻ ከዚያ ያንሳል። ቴስላ 7.1 ቢሊዮን ዶላር ለ1.79 ሚሊዮን መኪና፣ 3,960 ዶላር ገደማ። ግን በዚያ ዓመት 2.76 ቢሊዮን ዶላር የገባለት ሌሎች አምራቾች ከብክለት ቅጣት ለመዳን ከሚገዙት ክሬዲት ነው። አሜሪካ በሐምሌ 2025 የነዳጅ ቁጠባ ቅጣቱን ዜሮ ስላደረገችው ይህ ምንጭ እየደረቀ ነው።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ በ2024 መዝጊያ አንድ የቴስላ አክሲዮን 404 ዶላር ገደማ ነበር፤ የአክሲዮኑ ዓመታዊ ትርፍ 2.04 ዶላር። 198 እጥፍ ማለት ነው። የቢዋይዲ በዚያው ጊዜ 20 እጥፍ ገደማ ነበር። ስለዚህ ቴስላን የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለመኪናው ሳይሆን ሹፌር ለሌለው ታክሲና ለሮቦቱ ነው። በእነዚያ የማታምን ከሆነ የመኪና ንግዱ ብቻውን ያን ዋጋ አይሸከምም።

ባለ ሶኬት
መንገድ ላይ ያየኸው እንዳያሳስትህ። የቻርጅ ክዳኑን ክፈትና ሶኬቱን እይ። ጂቢ/ቲ የሚባለው የቻይና ዓይነት ሶኬት ከሆነና ስክሪኑም በቻይንኛ ከተነሣ፣ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ለቻይና ገበያ የተሠራ፣ ነጋዴ እዚያ ገዝቶ ያስገባው ነው። ኩባንያው ያገኘው በዋጋ ጦርነት የተጨመቀውን የቻይና ዋጋ ነው፤ እዚህ የተጨመረው ልዩነት የአስመጪው ነው። የቢዋይዲን የወደፊት ትርፍ የሚወስነው ራሱ ውጭ አገር የሚሸጠው ነው። እሱም በ2025 ከአንድ ሚሊዮን አልፏል፤ ለእኔ ትልቁ ተስፋ እሱ ነው። አውሮፓ ግን ከነባሩ 10 በመቶ ላይ 17 በመቶ ቀረጥ ጭኖበታል፤ የሃንጋሪው ፋብሪካ ከዚህ ቀረጥ ለማምለጥ ይረዳዋል።

ሒሳብ ሹም
ትክክል። አንድ አደጋ ልጨምር፤ ለአቅራቢዎች የሚከፈለው ዕዳ። የቻይና አምራቾች የዕቃ ሂሳብ ለወራት ያቆዩ ነበር፤ ያለ ወለድ ብድር እንደማለት ነው። በሰኔ 2025 በ60 ቀን ውስጥ እንከፍላለን ብለው ቃል ገቡ። ቃሉ ሲጠበቅ ጥሬ ገንዘቡ ይሳሳል፣ የባንክ ብድር ይጨምራል። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ ለአቅራቢ የሚከፈለውን ሂሳብ ለሽያጭ ወጪ (ለተሸጠው ዕቃ ማምረቻ ለወጣው) አካፍለህ በቀኑ ብዛት አባዛ፤ ቀኑ እያጠረ የባንክ ዕዳው ካልፈነዳ ጥሩ ምልክት ነው። በ2025 ሦስተኛው ሩብ ዓመት የቢዋይዲ ትርፍ ከዓመት በፊቱ በ32.6 በመቶ ወርዶ 7.8 ቢሊዮን ዩዋን ገደማ ሆኗል፤ ይህን ሳታይ አትግባ።

ባለ ሜክሲኮ
አመሰግናለሁ። ግን ግራፉ ላይ የቢዋይዲ ዋጋ በ2025 አጋማሽ በአንድ ቀን ወደ ሲሶው የወረደው ለምንድነው?

ሒሳብ ሹም
አልወረደም። ለ10 አክሲዮን 20 ተጨማሪ ስለታደለ ነው፤ 10 የነበረው 30 ሆነ፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ተከፈለ። ያልተስተካከለ ግራፍ ከሆነ የድሮውን ዋጋ ለ3 አካፍለው። እህትህ የሆንግ ኮንጉን ከገዛች መለያው 1211 ነው፤ ከትርፍ ድርሻዋ ላይ ቻይና 10 በመቶ ትቆርጣለች። ከዚህ ብር ሰብስባችሁ ልትልኩላት ካሰባችሁ ግን ተዉት። የሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ማሻሻያ እዚህ ነዋሪ የሆነ ሰው እንደፈለገ የውጭ አክሲዮን እንዲገዛ በር አልከፈተም። በራሷ ገንዘብ ትግዛ።