ራጅ ማሽኑ ከማንሳቱ በፊት የሚጮኸው ምኑ ነው?

ራጅ ክፍል ያለችው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ራዲዮግራፊ ጨርሼ ሥራ ከጀመርኩ ገና አራት ወሬ ነው። ቁልፉን ግማሽ ስጫነው ማሽኑ ዥዥዥ እያለ ይነሳል፣ ትንሽ ቆይቼ እስከ ታች ስጫነው ነው ራጁ የሚነሳው። ትናንት እጇ የተሰበረ የአራት ዓመት ልጅ መጣች። ድምፁን ስትሰማ ደንግጣ እጇን ሳበችው፣ ምስሉ ተበላሸ፣ ድጋሚ አነሳኋት። ለዚያች ትንሽ ልጅ ሁለት ጊዜ ጨረር፣ በጣም ነው የከፋኝ። እናትየዋ «ምንድነው የሚጮኸው?» ስትለኝ ደግሞ መልስ አጣሁ። ተምሬዋለሁ፣ ግን ለፈተና ነበር ያጠናሁት። ራጁ የሚፈጠርበት ቲዩብ ውስጥ ምንድነው የሚሆነው? ድምፁ እንዲያጥር አንዴ እስከ ታች ብጫነውስ?

ባዮሜዲካል ነኝ፦
የሚጮኸው አኖዱ ነው እህቴ፣ ሲሽከረከር። ቲዩቡን አየሩ ተመጦ የወጣለት የመስታወት ጠርሙስ አድርገሽ አስቢው። በአንዱ ጫፍ ካቶዱ አለ፣ እሱ ላይ ድሮ አምፖል ውስጥ እንደነበረችው ያለች ጥቅል የተንግስተን ሽቦ አለች፣ ፊላመንት የምንላት። ፊት ለፊቷ ደግሞ አኖዱ፣ ጠርዙ ዘመም ያለ ክብ ሰሃን። ግማሽ ስትጫኚ ሽቦዋ ትግልና ኤሌክትሮን መልቀቅ ትጀምራለች፣ ሰሃኑም መዞር ይጀምራል፣ በደቂቃ 3000 ዙር ገደማ፣ ፈጣኖቹ እስከ 10,000። እስከ ታች ስትጫኚ ከፍተኛው ቮልቴጅ ይለቀቃል፣ ለእጅ 50 ኪሎቮልት አካባቢ፣ ለደረት እስከ 120። ኤሌክትሮኖቹ ተስፈንጥረው ሰሃኑን ይመቱታል፣ ራጁ ከዚያ ይወጣል።

ሰሃኑ የሚዞረው ሙቀቱ እንዳያቀልጠው ነው። ከጉልበቱ 99 በመቶ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ ራጅ የሚሆነው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የሚመታው ቦታ ደግሞ አንድ ሚሊሜትር አካባቢ ቢሆን ነው። ተንግስተን የሚቀልጠው በ3422 ዲግሪ ነው፣ ሰሃኑ ቆሞ ቢመታ ግን እሱም አይችለውም።

እስከ ታች ብትጫኚም አብዛኛው ማሽን ሰሃኑ ፍጥነቱን እስኪይዝ ራሱ ይጠብቃል። ድምፁ አያጥርልሽም። ልጅ ስታነሺ ግማሹን ይዘሽ ዝም ያለችበትን ቅጽበት ብትጠብቂ ይሻላል፣ ግን አታቆዪው። ያን ጊዜ ሁሉ ሽቦዋ እየጋለች ነው፣ በጋለች ቁጥር ትሳሳለች።

የፊዚክስ መምህር፦
እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ሰሃኑ እንዴት እንደሚዞር ነው። አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ነው፣ ከውጭ የሚገባ ዘንግ የለም። የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ከመስታወቱ ውጭ ነው የተቀመጠው፣ በማግኔት ኃይል በመስታወቱ አሳልፎ ያዞረዋል። ኩሽኔታው ዘይት ቢቀባ ዘይቱ ተንኖ ባዶነቱን ያበላሸዋል፣ ስለዚህ ማለስለሻው ብር ነው፣ የጌጡ ብር።

ራጁ የሚፈጠረው በአብዛኛው ኤሌክትሮኑ የተንግስተኑ አቶም እምብርት አጠገብ ሲደርስ ተስቦ ስለሚታጠፍና ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ነው። ያጣው ጉልበት ጨረር ሆኖ ይወጣል። ሮንትገን በ1895 ቩርዝቡርግ ላይ ጨረሩን ሲያገኝ የጋለ ሽቦ አልነበረውም፣ ቱቦው ውስጥ በቀረችው ጥቂት ጋዝ ነበር የሚሠራው፣ የጋዙ መጠን ሲቀያየር ጨረሩም ይቀያየራል። በ1913 አሜሪካዊው ኩሊጅ የጋለ የተንግስተን ሽቦ አስገባ። ዛሬ አንቺ የጨረሩን መጠን መርጠሽ የምታነሺው በዚያ ምክንያት ነው።

ጡረታ የወጣሁ ራዲዮግራፈር፦
ልጄ፣ እኔ የሞተ ቲዩብ ሲፈታ አይቻለሁ። መስታወቱ ከውስጥ እንደ መስተዋት ጠቁሮ ያብለጨልጫል፣ ከሽቦው የተነነው ተንግስተን ነው የለጠፈበት። ሰሃኑ ደግሞ ክረምት እንደሄደበት መሬት ተሰነጣጥቋል። ጠዋት ገብተን ሳናሞቀው ቀጥታ የወገብ ራጅ እናነሳ ነበር፣ ወረፋው ረጅም ነው እያልን። ቀዝቃዛ ሰሃን ድንገት ሲግል ይሰነጠቃል። አምራቹ ባዘዘው መሠረት ከዝቅተኛ ጀምረሽ ጥቂት ጊዜ አሙቂው፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው ሳይኖር፣ የጨረሩን መውጫ መዝጊያ ዘግተሽ።

ራጅ ክፍል ያለችው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ ጠዋት አሙቄ ጀመርኩ። ከሰዓት አንድ ልጅ ሲመጣ ከመጫኔ በፊት «አሁን ውስጡ ያለ ሰሃን ሲዞር ትሰማለህ፣ አይነካህም» አልኩት። እጁን አላነሳም፣ ዓይኑን ብቻ ጨፈነ። ምስሉ በአንዴ ወጣ።