የቀበሌ ምክር ቤት ስለ ወል ተራራው የወሰነው እንዴት ይጸናል?

የምክር ቤት አባል (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሰሜን ወሎ በአንድ የደጋ ቀበሌ ሲሆን፣ ሕዝቡ መርጦኝ በቀበሌው ምክር ቤት ሳገለግል ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው ዓመት በጥር፣ የተፋሰስ ሥራው ሊጀመር ሲል፣ ከመንደራችን በላይ ያለው የወል ተራራ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ እንዲሆን ምክር ቤታችን በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ሕዝቡም በነፃ ጉልበቱ እርከን ሠራ፤ ቦረቦሩን በድንጋይ ክትር ዘጋ፤ ክረምት ሲገባም ችግኝ ተከለ። ይሁን እንጂ መስከረም ጠብቶ ሣሩ ከፍ ሲል ከብቶቹ ተመለሱ። ዛሬ ከእርከኑ ብዙው ፈርሷል፤ ከችግኙም የተረፈው ጥቂት ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ከተራራው ሥር ያለችው ምንጭ ናት፤ ልጅ ሳለሁ በግንቦት እንኳ ትፈስስ ነበር፤ አሁን ግን ከየካቲት አታልፍም። የአካባቢ ምክር ቤቶች ተፈጥሮን ለመጠበቅና እንዲያገግም ለማድረግ የገቡትን ቃል ያጸኑት በምን መንገድ እንደሆነ ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

የተፋሰስ ባለሙያ

የተከበሩ ጠያቂ፣ በተፈጥሮ ሀብት ሥራ ብዙ ዓመት ስላሳለፍሁ የገለጹት ነገር በየወረዳው ያየሁት ነው። ምክር ቤቱ ተራራው እንዲዘጋ ሲወስን፣ በዚያው ስብሰባ ከብቶቹ ከመስከረም እስከ ኅዳር የት እንደሚሰማሩ ተነጋግሮ ነበርን? ይህ ሳይመለስ የተዘጋ መሬት እምብዛም ተዘግቶ አይቆይም፤ ገበሬው ውሳኔውን ስለናቀ ሳይሆን በሬው የሚበላው ስለሚያጣ ነው። የተሳካላቸው ቀበሌዎች በመጀመሪያው ክረምት ማግሥት ሣሩን ለአባወራውና ለእማወራው አከፋፍለው፣ እያጨደ ወስዶ በቤቱ እንዲመግብ አድርገዋል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድርሻ ከጎረቤቱ ከብት መጠበቅ ይጀምራል።

በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ነዋሪዎች የተራቆተውን ተዳፋት ከግጦሽ ከልለው፣ እርከንና ክትር ሠርተው፣ የከርሰ ምድር ውኃቸው ከፍ በማለቱ ከጉድጓድ እያወጡ በበጋ ማልማት ጀምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012ም የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚያስተባብረውን የኢኳቶር ሽልማት ተቀብለዋል። ስለዚህ የምንጭዎ ተስፋ አልተቆረጠም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ ለወረዳው የሚላከው ሪፖርት ስንት ችግኝ እንደተተከለ ብቻ የሚናገር አይሁን። በሁለተኛው ዓመት ስንቱ እንደጸደቀ በምክር ቤቱ ፊት ይቆጠር።

የመንዝ ልጅ

እኔ ያደግሁት በጓሳ አጠገብ ነው። ጓሳ በግምት 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር የሣር ምድር ሲሆን፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም የሚኖሩበት ነው። አባቶቻችን ለዘመናት የጠበቁት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ነበር። ሕዝቡ የመረጠው ኃላፊ ሥራውን ይመራል፤ መሬቱ ለተከታታይ ዓመታት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆያል፤ ከዚያም በበጋ ተከፍቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር በሥርዓት ይታጨዳል። የመሬት አዋጁ በ1967 ዓ.ም. ሲወጣ ይህ ሥርዓት የቆመበት የርስት ይዞታ ስለፈረሰ ቄሮም አብሮ ተዳከመ፤ ምድሩም ተጎዳ። ሕዝቡ ግን ከአጎራባች ቀበሌዎች የተውጣጣ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን በአዲስ መልክ ቀጠለ፤ በኋላም የክልሉ መንግሥት በደንብ እውቅና ሰጠው።

ከዚህ የተማርሁት መዝጋት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። መቼ እንደሚከፈት ያልተነገረው ሰው ለዘላለም እንደተነጠቀ ይቆጥረዋል፤ በሌሊትም ይገባል። እናንተም በዚያው ውሳኔ የመክፈቻውን ወቅት ጨምራችሁ ጻፉ።

የሕግ ምሩቅ

ከሕግ በኩል ጥቂት ልጨምር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በታችኛው እርከን በቀጥታ እንዲሳተፍ በዚያ ላሉ አስተዳደሮች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ የማኅበረሰብ ደንን ራሱን የቻለ የይዞታ ዓይነት አድርጎ ተቀብሏል፤ ይህም ቀላል ለውጥ አይደለም። ስለዚህ የተራራው ወሰን ተለክቶ፣ ተጠቃሚዎቹ በስም ተመዝግበው፣ መተዳደሪያ ደንቡ በጠቅላላ ጉባኤ ጸድቆ በወረዳው እንዲታወቅ ጠይቁ። ደንቡ ላይ ያልተጻፈ ቅጣት ሲጣል ወገንተኝነት ነው ይባላል፤ ጠቡም ከከብት ወደ ዘመድ ይሻገራል።

ሌላው ገንዘብ ነው። የጥበቃ ሠራተኛ ደመወዝ ከቀበሌው አቅም በላይ ከሆነ፣ የወረዳው ምክር ቤት አዲሱን በጀት ከማጽደቁ በፊት ጥያቄያችሁ በጽሑፍ ይድረሰው፤ ከሐምሌ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ለሚቀጥለው ዓመት ይባላል።

የምክር ቤት አባል (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በእርግጥ ስለ ከብቶቹ አልተነጋገርንም፤ ይህ የእኛ ጥፋት ነው። አንድ ነገር ግን ይከብደኛል። መሬት የሌላቸው ወጣቶችና በሁለት በግ የሚኖሩ እናቶች አሉን፤ ሣሩ ተከፋፍሎ ቢደርሳቸው እንኳ አጭዶ የሚያመጣላቸው ሰው ላይኖር ይችላል። እነርሱን እንዴት እናድርግ?

የተፋሰስ ባለሙያ

ጥያቄው ተገቢ ነው። ወጣቶቹ በማኅበር ተደራጅተው ተራራውን እየጠበቁ፣ ሣሩ ከጸና በኋላ እንደ አካባቢው ጠባይ ንብ እንዲያንቡ ይደረግ፤ ቀፎ ያስቀመጠ ሰው እሳትም ሆነ መጥረቢያ አያስገባም። አቅመ ደካሞቹን በሚመለከት ድርሻቸውን የሚያጭድላቸውን ሰው ዕድሩ በተራ እንዲመድብ በደንቡ ላይ ይጻፍ፤ ድርሻቸውን ሊሸጡ ከፈለጉም ይፈቀድላቸው። ደንቡ ከመጽደቁ በፊት ግን እነዚያን እናቶች ራሳቸውን በስብሰባ ላይ ተቀምጠው አድምጧቸው፤ ለበጎቻቸው መተላለፊያ የሚሆን ጠርዝ የት ሊተው እንደሚችል ከማንኛችንም ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ።