በነርሲንግ ዲግሪ አለኝ፣ ላስገመግመው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦
ሰላም ናችሁ? ምክር ፈልጌ ነው። ነርስ ነኝ፣ አምስት አመት ሰርቼበታለሁ፣ ከተሰደድኩ ግን ይሄው አራተኛ አመቴ መጋዘን ውስጥ እቃ ነው የማሽገው። ዲግሪዬ እዚህ አገር ከምን እንደሚቆጠር አስገምግሜ ወደ ሙያዬ ልመለስ ስል አብረውኝ የሚሰሩት የውጭ ዲግሪ ማንም አያይልሽም፣ አጭር ኮርስ ወስደሽ ሌላ ስራ ያዢ ይሉኛል። ለቤተሰብ ስለምልክ ስራ ማቆም አልችልም። በዚህ ያለፋችሁ እውነቱን ንገሩኝ እባካችሁ

መልስ 1፦
እህቴ አትስሚያቸው። ላይሰንስ (የሙያ ፈቃድ) የሚጠይቅ ሙያና የማይጠይቅ ሙያ ይለያያል፣ ፕሮግራሚንግ ምናምን ቢሆን ቀጣሪው ስራሽን አይቶ ሊወስድሽ ይችላል፣ ነርስ ግን የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆኚ ያለ ላይሰንስ አትሰሪም፣ ላይሰንስ ደግሞ ያለ ትምህርት ማስረጃ የለም። አሜሪካ ከሆንሽ ኤንክሌክስ የሚባል የነርስ ላይሰንስ ፈተና አለ፣ ካናዳም በአብዛኛው እሱኑ ነው የሚጠቀሙት

መልስ 2፦
እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ብር ልቆጥብ ብዬ ዲግሪ እንዳለኝ ብቻ የሚያሳየውን ግምገማ አሰራሁ፣ ላይሰንስ ሰጪዎቹ ግን ኮርስ ባይ ኮርስ፣ ማለት የተማርሽውን እያንዳንዱን ኮርስ የሚዘረዝረውን ነው የምንፈልገው አሉኝ፣ እንደገና ከፈልኩ። በእጄ የነበረውን ትራንስክሪፕትም አልተቀበሉኝም፣ ከትምህርት ቤቱ ሬጅስትራር በቀጥታ መምጣት አለበት ተባልኩ፣ ላኩልኝ እያልኩ ስለምናቸው ስምንት ወር ሄደ፣ በጣም ነው ያለቀስኩት። ስለዚህ መጀመሪያ የማንን ግምገማ እንደሚቀበሉ ላይሰንስ ሰጪውን ጠይቂ፣ ትራንስክሪፕቱን ግን ነገ ዛሬ ሳትይ አስጀምሪ፣ ለሱ ስራ ማቆም አያስፈልግሽም

መልስ 3፦
ጀርመን ከሆንሽ ከ2012 ጀምሮ የሙያ እውቅና ህግ አላቸው፣ ትምህርትሽን ከነሱ ጋር አስተያይተው የጎደለሽን በፅሁፍ ይነግሩሻል፣ በማሟያ ስልጠና ወይ በፈተና ትሞይዋለሽ። ጀርመንኛው ግን ቢ ሁለት (B2) የሚባለው ደረጃ ድረስ ነው፣ ከባድ ነው።
አጭር ኮርሱንም ከሙያሽ ሳትርቂ ከሆነ አትናቂው። እኔ የረዳት ነርስ ኮርስ ወስጄ ነው ሆስፒታል የገባሁት፣ የህክምና ቋንቋውን እዛ ነው የለመድኩት፣ ደሞዙም ፈተናዬን ከፈለልኝ። ግን ፈተናሽን መቼ እንደምትወስጂ ቀን ቁረጪ፣ አብረውኝ የጀመሩ ጎበዝ ነርሶች በዛው ረዳት ሆነው ቀርተዋል፣ ያንገበግበኛል

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ትራንስክሪፕቱን ነገውኑ አስጠይቃለሁ። የድሮ የነርስ ላይሰንሴስ ኮፒው ይበቃል?

መልስ 2፦
በኮፒ አትተማመኚ። እኔን ላይሰንሱን የሰጠኝ መስሪያ ቤት ራሱ ማረጋገጫ በቀጥታ እንዲልክላቸው ነው የጠየቁኝ፣ እሱንም አብረሽ አስጀምሪ