እጄን የሚያሳክከኝ የነቀዝ መድኃኒቱ ነው፤ ምን ላድርግ?
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ድሬዳዋ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ለነቀዝ ማላታዮን ስንረጭ የሚሰጠን የጨርቅ ጓንት ነው። እሱ ደግሞ መድኃኒቱን መጥጦ ቆዳ ላይ ያቆየዋል። እጄና አንገቴ ቀልቶ ያሳክከኛል፣ ውሃም ይቋጥራል። ላብ ሲጨመርበትማ አይጣል ነው! እረፍት ስወጣ ይሻለኛል፤ ሥራ ስገባ ያገረሽብኛል። የፋርማሲ ቅባት ለጊዜው ብቻ ነው። አለቃችን «ሙቀት ነው» ይለኛል። ሙቀቱንማ ተወልጄበታለሁ!

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን እንደ ሥራ ጉዳት ያያል፤ የመከላከያ ዕቃም አሠሪው ያቅርብ ይላል። ታዲያ ማስረጃው ከየት ይጀመራል? ድሬ ወይ ሐረር ቆዳ ሐኪም ጋር የአለርጂ ምርመራ ያደረገ አለ? የመድኃኒቱን ስም ከጠርሙሱ ላይ ፎቶ አንስቻለሁ፤ ለሐኪሙ ይጠቅማል? ጓንትስ የትኛው ይሻለኛል?