ከተጣለ እንጨትና ቆርቆሮ ለ25 ጫጩቶች የሚሆን የደጅ ቤት

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ብርሃን
ጤና ይስጥልኝ። አምስት ሳምንት የሞላቸው 25 ጫጩቶች አሉኝ። እስካሁን በካርቶን ውስጥ ማድ ቤት ያቆየኋቸው ቢሆንም ሽታውና አቧራው ስለከበደን ወደ ጓሮ ላወጣቸው አስቤአለሁ። በእጄ ያሉት ከግንባታ ቦታ የተረፉ አራት የእንጨት ፓሌቶች (ዕቃ የሚጫንባቸው የሳንቃ መደቦች)፣ ሦስት አሮጌ ቆርቆሮዎች፣ የማዳበሪያ ጆንያዎችና አንድ ሶምያው የተበጠሰ የብረት አልጋ ናቸው። ገንዘብ የማወጣው የግድ ለሆነው ነገር ብቻ እንዲሆን እፈልጋለሁ። የሚያስፈራኝ ብርዱ ነው፤ የኅዳርን ውርጭ የከተማችን ሰው ያውቀዋል። ዙሪያውን በጆንያ ግጥም አድርጌ ብዘጋው ይሻል ይሆን?

መልስ፣ ከቢሾፍቱ
እኅቴ፣ ግጥም አድርገው አይዝጉት። በዚህ ዕድሜያቸው ላባ አውጥተዋልና ደረቅ ብርድን ይችሉታል፤ የሚጎዳቸው እርጥበትና በቀጥታ የሚመታቸው ነፋስ ነው። ከትንፋሻቸውና ከኩሳቸው የሚወጣው እርጥበት ማምለጫ ሲያጣ ከቆርቆሮው ሥር ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ጉዝጓዙ ይርሳል፣ ከዚያም ዓይን የሚያቃጥል የአሞኒያ ሽታና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያስከትለው ኮክሲዲዮሲስ ይመጣሉ። ስለዚህ ሦስቱን ጎን በሳንቃ ይከልሉ፤ ነፋስ በማይመጣበት በኩል ግን ከጣሪያው ሥር አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ትተው በሽቦ ይሸፍኑት።

ለሌሊቱ፣ መብራት በሌለበት አካባቢ የሚሠራበት የጭድ ሳጥን አለ። ግድግዳውና ክዳኑ በጤፍ ጭድ የታጨቀ፣ መተንፈሻ ቀዳዳ ያለው ሳጥን በአንዱ ጥግ ቢያስቀምጡላቸው ማታ እዚያ ገብተው በራሳቸው ገላ ሙቀት ያድራሉ። ከሰል ግን በፍጹም አያስገቡ፤ ጭስ ባይታይበትም በመርዙ አንድም ሳይተርፍ ሊፈጃቸው ይችላል።

መልስ፣ አናጢ ከአዲስ አበባ
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው ስለ ዕቃው ነው። ካሉዎት ሁሉ ውዱ አልጋው ነው፤ እርስዎ መጨረሻ ላይ መጥቀስዎ ገርሞኛል። 1.2 በ1 ሜትር የሆኑ ሁለት ፓሌቶችን በረጅም ጎናቸው አጋጥመው በአልጋው ላይ ቢያስተኟቸው 2.4 ካሬ ሜትር ወለል ያገኛሉ፤ በአንድ ካሬ ሜትር 10 ጫጩት ገደማ ቢታሰብ ለእርስዎ ይበቃል ማለት ነው። በየእግሩ ላይ የዘይት ቆርቆሮ ጣሳ አፉን ወደ ታች አድርገው ቢያጠልቁበት አይጥ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። የፓሌቱን ክፍተት በሳንቃ ይድፈኑት፤ አለዚያ እግራቸው ይሰነቀራል። ሦስቱን ቆርቆሮዎች በአጭሩ ጎን አግድም አድርገው ቢደረድሩ ጣሪያው ከፊትም ከኋላም ይተርፋል፤ የድሮውን የሚስማር ቀዳዳ በሬንጅ ይድፈኑ፣ አዲሱንም ሚስማር ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ሳይሆን በጉብታው ላይ ይምቱ።

ፓሌቱ ላይ የታተመውን ምልክት ይመልከቱ፦ «ኤችቲ» (HT) በሙቀት የታከመ፣ «ኤምቢ» (MB) ደግሞ ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዝ የታጠነ ማለት ነው፤ ሁለተኛውን አይጠቀሙበት። የተቃጠለ ዘይት የጠጣውንም እንዲሁ።

በአዲስ የሚገዙት ሽቦውን ብቻ ነው። የተለመደው የዶሮ ሽቦ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ሸለምጥማጥ እጁን አስገብቶ ጫጩቷን ይጎትታል፤ ቀዳዳው ከ13 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ይፈልጉ።

መልስ፣ ከሐዋሳ
ጆንያውን ግጥም ሳያደርጉ ለማታ መጋረጃ ያድርጉት፣ ቀን ይጠቀልሉት። በመድኃኒት የታሸ ዘር የነበረበት ከሆነ ግን ይቅር።

ጠያቂዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፓሌቶቹን አገላብጬ አይቼ አንዱ ዘይት የጠጣ ሆኖ ስላገኘሁት ለይቼዋለሁ፤ ለጎደለው ግድግዳ የአሮጌ ቁም ሣጥን በር አለኝ። በግቢያችን ነፋሱ ከምሥራቅ ስለሚመጣ ክፍቱን ወደ ምዕራብ አደርገዋለሁ። ሽቦውን ቅዳሜ እገዛለሁ፤ ጫጩቶቹም እስከዚያ ማድ ቤቱን እንደያዙ ይቆያሉ።