ሐይቅ ላይ የትኛው ካይት ይሻለኛል? ሲ ወይስ ቦው?

የቦርከና_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ዱባይ አምስት ዓመት ሠርቼ ጠቅልዬ ልገባ ሁለት ወር ቀርቶኛል። እዚህ ካይት ቢች የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ፤ መጀመሪያ በእረፍት ቀኔ እየሄድኩ አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ ነበር የማየው፣ በኋላ አላስችል ሲለኝ ከደሞዜ እየቆጠብኩ ካይት ቦርዲንግ ተማርኩ። ለማታውቁት፣ ካይቱን፣ ማለት በነፋስ የሚንሳፈፈውን ትልቅ የጨርቅ ክንፍ፣ ወገብህ ላይ ካለው መታጠቂያ ጋር በገመድ ታያይዘዋለህ፣ እግርህን ሳንቃው ላይ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ነፋሱ ውሃው ላይ እየጎተተ ይወስድሃል። አሁን ሐሳቤ እዚያው ወሎ፣ ከደሴ አለፍ ብሎ ያለው ሐይቅ የሚባለው ውሃ ላይ መሞከር ነው። አገር ቤት ካይት የሚሸጥ ስለማላውቅ ከዚህ ይዤ ነው የምገባው፣ አቅሜ ደሞ አንድ ብቻ ነው። ያገለገሉ ሁለት አግኝቻለሁ፣ ሁለቱም 12 ካሬ፤ አንዱ ሲ ካይት፣ አንዱ ቦው። ሲው በጣም ረክሷል። ሻጩም "ሲ የለመደ ሌላ አይነካም" እያለ ያጣድፈኛል። ክብደቴ 74 ኪሎ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

ነፋስ_አሳዳጅ፦
ሻጩ ዕቃው አልሸጥ ብሎት ነው እንጂ ለአንተ አስቦ አይደለም። ሲ ካይት በአየር ላይ እየተገለባበጡ ለሚጫወቱት ነው። ነፋሱ ድንገት ሲጨምር ባሩን (በእጅህ የምትይዘውን መቆጣጠሪያ ዘንግ) ገፋ ብታደርገውም ጉልበቱ ብዙም አይቀንስልህም፣ መጎተቱን ይቀጥላል። ውሃ ላይ ሲወድቅም ለማንሳት ያታክታል። ቦው ጠፍጠፍ ያለ ነው፣ የኋላ ጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፣ የፊት ጠርዙን ደሞ ቀጫጭን ገመዶች ይዘውታል። ባሩን ስትገፋው ጉልበቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ሲወድቅ የአንዱን ጎን ገመድ ትስበዋለህ፣ ዞር ብሎ ይነሳል። በአየር የሚነፋውን ካይት እ.ኤ.አ. በ1984 ፓተንት ያስመዘገቡት ሌጌኙ የሚባሉ ፈረንሳዊ ወንድማማቾች ናቸው፤ ቦውንም በኋላ ያመጣው ከሁለቱ አንዱ፣ ብሩኖ ነው። ሰውየው የራሱን ሥራ ያሻሻለው ያለ ምክንያት ይመስልሃል?

ሁለተኛ_ጀባ፦
ቦው በሚለው እስማማለሁ፣ ግን አንድ ነገር ተዘሏል። ዱባይ ባሕር ወለል ላይ ነህ፣ ሐይቅ ግን 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ስለሚል በተመሳሳይ ነፋስ የሚኖርህ ጉልበት በግምት አንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ስለዚህ ዱባይ የለመድከው 12 ካሬ ሐይቅ ላይ እንደ 10 ካሬ ነው የሚጎትትህ። እኔ ብሆን 14 ወይም 15 እፈልግ ነበር።

ነፋስ_አሳዳጅ፦
ሒሳቡ ልክ ነው፣ ምክሩ ግን አይመቸኝም። ብቻውን የሚወጣ ሰው 15 ካሬ ይዞ ተራራ ሥር ያለ ውሃ ላይ? አንድ ድንገተኛ ንጥቂያ ይበቃዋል። 12ቱን ይዞ ነፋሱ ጠንከር እስኪል ቢጠብቅ ይሻላል። ጉልበት ያነሰው እንደሆነ ሰፋ ያለ ሳንቃ ይጨምር።

የሐይቅ_ዳር፦
አብሽር ወንድሜ፣ እኔ እዚሁ ነኝ። ካይት አላውቅም፣ ውሃውን ግን አውቀዋለሁ። ጠዋት እንደ መስታወት ነው፣ ምንም አትጠብቅ። ከሰዓት በኋላ ይነሳል፣ ግን አመለኛ ነው፤ ዙሪያው ተራራ ስለሆነ አንዴ ይተኛል፣ አንዴ ይነጥቃል። ደሞ ጥልቅ ነው፣ ከ80 ሜትር ያልፋል ይባላል። መሃል ላይ ቢተውህ የሚያወጣህ ሞተር ጀልባ አትጠብቅ፣ የዓሣ አስጋሪ ታንኳ እስኪደርስ ነው። በእስጢፋኖስ ገዳም በኩልም ባትወጣ ጥሩ ነው፣ መነኮሳቱን አትረብሽ።

ነፋስ_አሳዳጅ፦
ይሄ ከእኛ ሁሉ የተሻለ መልስ ነው። ነፋሱ ከዳር ወደ መሃል የሚነፍስ ከሆነ በጭራሽ አትግባ፣ ከጎን መጥቶ ወደ ዳር የሚገፋ መሆን አለበት። ገመዱ ከ20 ሜትር በላይ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦና ዛፍ ካለበት ራቅ። ዝናብ ከቋጠረና ነጎድጓድ ከተሰማ ካይቱን አጣጥፈህ ቤትህ ግባ።

የቦርከና_ልጅ፦
እሺ፣ ሲው ቀረ። ግን ፎይል ካይትስ? የሚነፋ ነገር የለውም፣ ሻንጣ ውስጥም ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው አሉኝ።

ሁለተኛ_ጀባ፦
ቀለል ላለ ነፋስ አሪፍ ነው። ግን ውሃ ላይ ቆይቶ ውስጡ ውሃ ከገባ አለቀልህ፣ በተለይ አፉ ክፍት የሆነው ዓይነት። ገመዱም ብዙ ነው፣ ሲጠላለፍ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለህ ስትፈታ ትውላለህ። ለመጀመሪያ ካይት አይሆንም። ቦውን ከመግዛትህ በፊት ግን ንፋውና ሁለት ሦስት ሰዓት አቆየው፣ ከላላ ይተነፍሳል ማለት ነው። ጨርቁንም በጣትህ ዳሰው፣ ፀሐይ የበላው ከሆነ ደርቆ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል።

የሐይቅ_ዳር፦
ውስጡ እንደ ጎማ ከመነዳሪ አለው እንዴ? ከተበሳ ጎሚስታ ሞልቷል።

ነፋስ_አሳዳጅ፦
አለው፣ ግን ጎሚስታ እንዳያስነካው! ስስ ፕላስቲክ ነገር ነው፣ በሙቀት የሚለጠፈው ያቀልጠዋል። ቀዳዳውን ለመፈለግ ሳፋ ውሃና ሳሙና ይበቃል፣ መለጠፊያውን ግን ከዱባይ ይዞ ይምጣ። የራስ ቁርና የመንሳፈፊያ ጃኬትም አትርሳ፣ ካይቱን ፈጥኖ የሚለቀውን መቆለፊያም ከመግዛትህ በፊት አሥር ጊዜ ሳበው።

የቦርከና_ልጅ፦
ቦውን ነገ አስነፍቼ አያለሁ። የሐይቅ ዳር ወንድሜ፣ አንድ ላስቸግርህ። እስክመጣ ድረስ ከሰዓት በኋላ ውሃው ላይ ነጭ አረፋ የሚታይባቸውን ቀናት ብትጽፍልኝ? አረፋው ሲጀምር ነፋሱ 12 ኖት (በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር) ገደማ ደርሷል ማለት ነው፣ ለእኔ ከዚያ ትንሽ በለጥ ሲል ነው የሚሆነኝ።

የሐይቅ_ዳር፦
እጽፍልሃለሁ። ዳር ሸምበቆ ተክዬ ፌስታልም አስሬበታለሁ፣ ወዴት እንደሚነፍስ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ገዳሙ ነበር የሚያሳየው።

ነፋስ_አሳዳጅ፦
ከየትኛው ዳር ነው ያቆምከው?