ሳብ ሆኜ ገብቼ ቢሮ ብደውል የሚመጣ የለም፤ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

የድሮው ፊዚክስ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ሀገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምር ነበር። አሁን ሰሜን ቨርጂኒያ ሚድል ስኩል ውስጥ ሳብስቲትዩት (ሳብ፣ የቀረ አስተማሪን ተክቶ የሚገባ) ሆኜ እሠራለሁ። የቸገረኝ ማስተማሩ ሳይሆን ሥነ ሥርዓቱ ነው።

ሀገር ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ስድሳ ሰባ ተማሪ ይዤ እንዲህ አልተቸገርኩም። አለቃው የረባሽ ስም ይጽፋል። ካልሆነ ዩኒት ሊደሩ አለ። «ወላጅህን አምጣ» አለ። እኔን የማይፈራ ልጅ እሱን ይፈራል። (ዱላ ናፍቆት ነው የሚል እንዳይመጣብኝ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 መሠረት በትምህርት ቤት የአካል ቅጣት ክልክል ነው፤ እኔም ዱላ ይዤ ክፍል ገብቼ አላውቅም።) እዚህ የተማሪው ቁጥር ከግማሽ በታች ነው፤ ከጀርባዬ ግን ሰው የለም።

ሰሞኑን ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ የሳብ ሥራ የሚወጣበት አፕ ላይ አገኘሁና ሄድኩ። ቢሮ ባጅና ቁልፍ ሰጡኝ፤ ክፍሉን በጣት አሳዩኝ፤ በቃ። ጠረጴዛው ላይ የሚሠራ ወረቀት አለ። ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያሳይ ካርታ ግን የለም። ስም ስጠራ ሁለቱ ስማቸውን ተለዋውጠው እጅ አወጡ። ፊት የተቀመጠች የእኛ ልጅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ «ቲቸር፣ እየዋሹሽ ነው» አለችኝ። አንቺ ብትለኝም መረቅኳት።

ከዚያ አንዱ ስልክ አወጣ። «አስገባ» ስለው «አስተማሪያችን ይፈቅድልናል» አለ። ሌላው የምናገረውን ሁሉ በእኔው አክሰንት እየደገመ ክፍሉን ያስቃል። ሦስተኛው ወንበር ላይ ቆመ። ግድግዳው ላይ ያለውን የቢሮ መጥሪያ ተጫንኩ። «ሰው እንልካለን» አሉ። ማንም ሳይመጣ የመውጫ ደወል ተደወለ። ስወጣ ለጸሐፊዋ ብነግራት «እሱ ክፍል እንደዚያ ነው» ብላ ፈገግ አለች። ከዚያ ወዲህ የዚያ ትምህርት ቤት ሥራ አፑ ላይ አይታየኝም።

ቢሮ መደወል እንደ ድክመት ይቆጠራል እንዴ? ከመግባቴ በፊትስ ምን የመጠየቅ መብት አለኝ? ሪፖርት ስጽፍስ ስሞተኛ እንዳልመስል እንዴት ላድርግ?

የመኪና መንገድ እናት፦

መምህር፣ አይዞዎት፤ እኔም ሳብ ነኝ። ካርታውን ጠዋት ቢሮ ቆመው ይጠይቁ። የለም ካሉዎት ስም አይጥሩ። ባዶ ወረቀት ያዙሩ፤ ሁሉም ስሙን በተቀመጠበት ረድፍ ይጻፍ። ሁለት ሰው በአንድ ስም ከመጣ ወዲያው ይታያል።

ሌላው፣ ተማሪ ሳይገባ ጎረቤት ክፍል ያለውን አስተማሪ ሄደው ሰላም ይበሉ። ዛሬ እዚህ ነኝ፣ ካስቸገሩኝ አንዱን ልላክልህ ወይ ይበሉት። ከቢሮ የሚመጣ ሰው ፎቅ እስኪወጣ ደወል ይደወላል። ጎረቤት ግን በሩ ላይ ብቅ ካለ ይበቃል፤ ነገም የሚያገኛቸው እሱ ነው።

ስለ አፑ፦ ትምህርት ቤት አንድን ሳብ ከዝርዝሩ ማስወጣት ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አይነግርም። የካውንቲውን የሳብ ቢሮ በኢሜይል ይጠይቁ። ኢሜይል ነው ያልኩት፤ ስልክ አይሁን።

የሁለት ልጆች አባት፦

ሳብ አይደለሁም፤ ወላጅ ነኝ። ስለ ስልኩ አንድ ነገር ልበል። ልጄ ስኳር አለበት። ክንዱ ላይ የተለጠፈው መለኪያ ንባቡን የሚልከው ወደ ስልኩ ነው። በ504 ፕላኑ (ትምህርት ቤቱ ለጤናው ሲል በጽሑፍ የያዘለት ዕቅድ) ላይ ተጽፏል። አንድ ቀን ሳብ ገብቶ «ስልክ ክልክል ነው፣ አምጣ» አለው። ልጁ ቢያስረዳ «ሁላችሁም ምክንያት አላችሁ» ተባለ። ያ ሳብ ክፉ ሰው አይመስለኝም። ማንም አልነገረውም። ለሳብ የሚተወው ፎልደር ውስጥ አንዲት መስመር ብትኖር ኖሮ ነገሩ አይፈጠርም ነበር። ስለዚህ መምህር፣ ጠዋት ካርታውን ሲጠይቁ በጤና ምክንያት ስልክ የተፈቀደለት ልጅ አለ ወይ ብለውም ይጠይቁልን።

ከቢሮው ወገን፦

እኔ ደግሞ ቢሮ ነው የምሠራው፤ የተማሪ ጉዳይ ላይ። እውነቱን ልንገርዎት መምህር፣ መደወል ድክመት አይደለም። ግን እንዴት እንደሚደውሉ ለውጥ ያመጣል። «ክፍሉ እየረበሸ ነው» የሚል ጥሪ በምሳ ሰዓት ከአምስት ክፍል ይመጣል፤ ሰው ያለን ሁለት ነን። «አንድ ተማሪ ወንበር ላይ ቆሟል፣ ውረድ ብዬው እምቢ ብሏል፣ እንዳይወድቅ ሰጋሁ» ቢሉ ሌላውን ትቼ እሮጣለሁ።

ስልክ ከልጅ እጅ አይንጠቁ፤ በሩም ላይ ቆመው መንገድ አይዝጉ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ በቨርጂኒያ ሕግ ስልክ ከመግቢያ ደወል እስከ መውጫ ደወል የተከለከለ ነው። «ይፈቅድልናል» የሚለው ስለዚህ አያስኬድም። ነገር ግን በስልክ ብቻ ልጅ ከትምህርት አይታገድም። አንዴ ይንገሩት፣ ስሙንና ሰዓቱን ይጻፉ፣ ይለፉት።

ሪፖርቱ ላይ «ባለጌ ነው» አይበሉ። ስንት ሰዓት፣ ማን፣ ምን አለ፣ እርስዎ ምን አሉት። ልጁ ያለውን እንዳለ በጥቅስ ውስጥ ያስፍሩት። አስተማሪው ጠረጴዛ ላይ ብቻ ትተው አይሂዱ፤ ለምክትል ርዕሰ መምህሩም ይላኩ። የአክሰንቱን ነገር ደግሞ በቀልድ አይለፉት። በሰው ትውልድ ሀገር ማላገጥ እኛ ጋ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ካልተጻፈ ግን እንዳልተፈጠረ ነው የሚቆጠረው።

የድሮው ፊዚክስ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የስኳሩን ነገር በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፤ ፈጣሪ ልጅዎን ይጠብቅልዎ።

ከቢሮው ወገን ያልከው ወንድሜ፣ አጻጻፉን ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ሰው ከሌላችሁ ጠዋት ቁልፍ ስትሰጡኝ ንገሩኝ። «ዛሬ ሁለት ነን፣ ከአራተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ አትጠብቀን» በሉኝ፤ እኔም ከጎረቤት ጋር እዘጋጃለሁ። እንልካለን ብሎ መቅረት ግን እኔን በሠላሳ ልጅ ፊት ውሸታም ነው ያደረገኝ። «ቢሮ እየመጣ ነው» ብያቸው ነበራ።

ነገ ሌላ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ይዣለሁ። ካርታውን ካልሰጡኝ ማታ እዚሁ ታገኙኛላችሁ።